ግድግዳው እስኪደርቅ

በ1971 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ላሊበላ ከወይዘሮ ፀሐይቱ ሆቴል ካረፉት እንግዶች አንዱ ፋኖሱን ሳያጠፋ እንቅልፍ ወሰደው። ፋኖሱ ተገልብጦ ፍራሹን አቀጣጠለው፤ እሳቱም ወደ ሣር ጣራው ወጣ። ሰውየው በደህና አመለጠ። ጎረቤት ውሃና አፈር ይዞ ስለደረሰ ሌሎቹ ክፍሎች ተረፉ፤ ያቺ አንዷ ግን ግድግዳዋ ብቻ ቀረ።

ሆቴል ይባል እንጂ ስምንት የድንጋይ ክፍሎችና አንድ ሰፊ ምግብ ቤት ነበር። ፀሐይቱ ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው። አብዮቱ ከመጣ ጀምሮ የፈረንጅ እንግዳ ቢመናመንም፣ ለሥራ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞችና በየዓመቱ ከተማውን የሚያጥለቀልቀው ተሳላሚ ቤቷን አላስዘጋትም። ከቃጠሎው በኋላ ግን ልቧ አላርፍ አለ። እንግዳ ባደረ ቁጥር በየክፍሉ እየዞረች ፋኖሱ መጥፋቱን ካላየች አትተኛም። በመጨረሻ ቁርጥ አደረገች፤ ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ግድግዳው እንደ አዲስ ይመረጋል፣ የኤሌክትሪክ መብራት ይገባል።

ጄኔሬተሩን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዘጋ ዕቃው ለጨረታ ወጣ፤ እሷም ተወዳድራ አሸነፈች። ማሽኑ ጓሮዋ ገብቶ ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። ጣራው ቆርቆሮ ለብሶ ግድግዳው ከተመረገ በኋላ የቀረው ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ነበር።

የመጀመሪያውን ሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ምስጋኑ በሰኔ መጨረሻ ይዞት መጣ።

«እትዬ ፀሐይቱ፣ የሚፈልጉትን ሰው አምጥቼልዎታለሁ» አላት። «አራጋው ይባላል። ይህን ጄኔሬተር ሦስት ዓመት ካምፕ ውስጥ ሲያስነሳ የኖረው እሱ ነው።»

አራጋው ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቀልጣፋና ሳቂታ የደሴ ሰው ነበር። ካምፑ ሲዘጋ አገሩ አልተመለሰም፤ ላሊበላ ሚስት አግብቶ ቀርቷል። ሸራውን ገለጠና ማሽኑን እንደሚወዱት በቅሎ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ክፍሎቹን ዞረ። በር በር ላይ እየቆመ «እዚህ አንድ አምፖል፤ እዚህ ማብሪያ ማጥፊያ፤ እዚህ ሶኬት» እያለ በጣቱ ያመለክታል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

«ሽቦው ከገባልኝ በሁለት ሳምንት አስረክብዎታለሁ» አለ።

ምስጋኑ ደስ አለው። የቀድሞ መምህር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ የራሱ ጉዳይ ግን ነበረው። አምስተኛው የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ቀን ይከበራል፤ ከደሴም እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። የቀበሌው አዳራሽ ከሆቴሉ ጀርባ ስለሆነ፣ ከጄኔሬተሩ ሽቦ ተስቦለት በዓሉ በመብራት እንዲደምቅ ፈልጓል። ይህንንም አልደበቃትም።

«ቤትዎም ይበራል፣ አዳራሹም ይበራል። ናፍጣውን ቀበሌው ያመቻቻል።»

«እስቲ ላስብበት» አለች ፀሐይቱ። አራጋውን አልጠላችውም። ጣራዋ ሲነድ ቆማ ካየች ወዲህ ግን ጥድፊያ አይጥማትም ነበር።

ስለ ሁለተኛው ሰው የሰማችው ከሹፌሮች ነው። የላሊበላው መንገድ ከሚገነጠልበት ከጋሸና፣ ወፍጮ የሚጠግንና መብራት የሚያስገባ ሀሰን የሚባል ሰው አለ አሏት። መልእክት ላከችበት። በሳምንቱ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ መጣ፤ ስልሳ ዓመት የተጠጋው፣ መነጽሩን በክር ያሰረ አጭር ሰው።

እሱ ቤቱን ለማየት ግማሽ ቀን ፈጀበት። ግድግዳውን በመዳፉ ይደባብሳል፤ ጥግ ጥጉን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ይወጋጋል። የሚጠይቀውም ጥያቄ እንግዳ ነበር።

«ዝናቡ በየት በኩል ነው የሚመታው?»

«በምሥራቅ በኩል።»

«አይጥ አለ?»

«የሌለበት ቤት አለ እንዴ?»

«እንግዳ ሲገባ ልብሱን የት ነው የሚሰቅለው?»

ፀሐይቱ ሳቋ መጣ። «ጋሼ ሀሰን፣ መብራት ሊያስገቡልኝ ነው ወይስ ቤቱን ሊከራዩኝ?»

እሱም ፈገግ አለ። «አይጥ ሽቦ ይበላል፣ እመቤቴ። ሰውም መስቀያ ሲያጣ ዝናብ የመታውን ካፖርት ማብሪያው ላይ ያንጠለጥላል። እኔ እሄዳለሁ፤ አብረውት የሚኖሩት እርስዎ ነዎት።»

ዞሮ ሲጨርስ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጠና ያሰበውን ነገራት። ጄኔሬተሩ ከክፍሎቹ ርቆ የራሱ ቤት ይሠራለት፤ ጭሱ እንግዳ ያፍናል። ዋናው ነገር ግን ግድግዳው ነው።

«ምርጊቱ ገና እርጥብ ነው፤ በዚህ ክረምት ደግሞ አይደርቅም። እርጥብ ጭቃ ውስጥ ሽቦ አልቀብርም። መስቀል ይለፍና እመጣለሁ።»

«ሊቀመንበሩ ለመስከረም ሁለት ይድረስ ብሏል።»

«ለዚያ የሚያደርስልዎ ሰው ካገኙ አልቀየምም።»

ፀሐይቱ «እስካሁን የሠሩትን ባይ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው።

ሀሰን መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ወለወለ። «ጋሸና የገለቴን ምግብ ቤት ይዩት» አለ ቀስ ብሎ። «ጓዳውንም እንድታሳይዎት ይጠይቋት።»

መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ በሐምሌ መጀመሪያ የመጨረሻውን መኪና ተሳፍራ ወረደች። ጋሸና ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። የገለቴ ምግብ ቤት በሹፌሮችና በረዳቶች ተጨናንቆ ነበር። ፀሐይቱ ሻይ አዝዛ ቀና ብላ ማየት ጀመረች። ሽቦው በክር የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ማብሪያዎቹ ጠበቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ አምፖሎቹ አይርገበገቡም። ደስ አላት። ገለቴ ፋታ ስታገኝ ማንነቷን ነገረቻትና ጓዳውን እንድታሳያት ጠየቀቻት።

ገለቴ ቀልደኛ ሴት ነበረች፤ ይህን ስትሰማ ግን ቀልዱን ተወችው። በሩን ከፈተችላት። የጓዳው አንደኛው ግድግዳ ከወገብ በላይ እስከ ጣራው ድረስ ጥቁር ብሎ ከስሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሳት ነዋ። ሀሰን ያስገባው መብራት ነው ያቃጠለው።»

ፀሐይቱ የከሰለውን ግድግዳ በጣቷ ነካችው። የራሷ ክፍል ሽታ አፍንጫዋ ላይ መጣ። «እሱ ራሱ ነው ይህን እዪ ብሎ የላከኝ» አለች።

«እሱማ ይልካል» አለች ገለቴ፣ ጆንያ ላይ እየተቀመጠች። «ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ክረምት ነበር፣ ቤቱም ገና መመረጉ ነው። ሀሰን ይቆይ አለኝ። እኔ ቸኮልኩ፤ ሹፌር መብራት ካለበት ቤት ነው የሚቆመው። ቀን በቀን ብጨቀጭቀው እሺ አለኝና ሠራው። እርጥበቱ የሽቦው መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ኖሮ በወሩ ጓዳው ተያያዘ። ቀን ስለነበር ቶሎ አጠፋነው።»

«ከሰስሽው?»

«ሳልልክበት ሰምቶ መጣ እንጂ። አይጥ ነው ቢለኝ አምነው ነበር፤ እኔ ስለ ሽቦ ምን አውቃለሁ? እዚህ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ የተቃጠለውን መዝዞ አየና ‹እምቢ ማለት ነበረብኝ› አለኝ። ከዚያ የቤቱን ሽቦ በሙሉ ነቅሎ፣ በጋ ጠብቆ፣ እንደገና ዘረጋው። ግድግዳውን ሳላስመርገው የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጓዳ ማን ያያል ብዬ።»

ፀሐይቱ ከጨው ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዛ ተመለሰች። ዝናቡ ከመንገድ መንገድ እየተከተለ ይመታት ነበር። ቁልቁለቱን ስትወርድ ሀሰንን ትታ አራጋውን ትመርጣለች፤ ዳገቱን ስትወጣ መልሳ ትለውጠዋለች። አንድ ጊዜ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፣ ቤት ያቃጠለ ሠራተኛ ይቀጥራል ወይ? በሌላ በኩል፣ አራጋው የተበላሸበት ሥራ ቢኖር ይነግራት ነበር ወይ? ይህን ማወቅ አልቻለችም። ከአእምሮዋ አልወጣ ያለው ሀሰን ገለቴ ጓዳ ተቀምጦ የተናገረው ቃል ነው። የላሊበላ ዛፎች ብቅ ሲሉ ልቧ ቁርጡን ይዞ ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። ምስጋኑ ሀሰንን መምረጧን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ለመስቀል ማግሥት? በዓሉስ? እትዬ ፀሐይቱ፣ ይህን በሌላ ዓይን የሚያዩ ሰዎች እንዳሉ ያውቃሉ።»

ዘመኑ እንዲህ ያለ ቃል እንደ ዋዛ የሚታለፍበት አልነበረም። ፀሐይቱ ነጠላዋን አስተካክላ ረጋ ብላ መለሰችለት።

«አዳራሹ የጣውላ ነው፤ ጭቃ የለበትም። አራጋው አዳራሹን ይሥራው፤ ለበዓሉ ከጄኔሬተሬ ሽቦ ስባችሁ አብሩበት። የእኔ ቤት ግን እርጥብ ነው። እንግዳ አሳድሬበት ቢቃጠል፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ መልሱን የምንሰጠው ሁለታችንም ነን።»

ምስጋኑ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ። «ይሁን» አለ በመጨረሻ።

አራጋውን ለማስረዳት ይበልጥ ከበዳት። «ሦስት ዓመት እንደ ልጅ የያዝኩት ማሽን ነው» አላት፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ማሽኑን የምታስነሳልኝ አንተ ነህ፤ ከፈቀድክ። ሽቦውን ግን ሀሰን ይዘረጋል።»

አራጋው ተነሥቶ ወጣ።

መስከረም ሁለት ቀን አዳራሹ እንደ ቀን ቦግ ብሎ በራ። ንግግሩ ረዘመ፤ ሰው ግን መብራቱን እያየ አልሰለቸውም። የሆቴሉ ግድግዳ ስላልደረቀ ከደሴ የመጡት እንግዶች ትምህርት ቤት ነው ያደሩት። ፀሐይቱ ከኋላ ተቀምጣ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያየች፣ የእኔንም ቤት ባሠራው ምን ነበረበት እያለች ራሷን ወቀሰች።

መስቀል አለፈ። ሀሰን በሦስተኛው ቀን እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ አልመጣም። ሳምንት ሆነ። ምስጋኑ ባገኛት ቁጥር «ሰውዬዎ የት ደረሰ?» ይላታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ የዕቃ ሳጥኑን በአህያ አስጭኖ ብቅ አለ። ሚስቱ ታማበት ነው የዘገየው፤ መኪናውም መንገድ ላይ ተይዞ ቀሪውን በእግሩ መጣ። ፀሐይቱ ልትቆጣ ተዘጋጅታ ነበር፤ ስታየው እግሩን እንዲታጠብ ውሃ አስመጣችለት።

ሥራው ሃያ አምስት ቀን ፈጀ። በየቀኑ መጀመሪያ ግድግዳውን ይደባብሳል፤ የደረቀው ክፍል ውስጥ ገብቶ ያልደረቀውን ይዘለዋል። አራጋው ማሽኑን ለማስነሳት ተጠርቶ ሲመጣ በመጀመሪያ ለማሽኑ ከተሠራው ቤት አይወጣም ነበር። ኋላ ኋላ በር ላይ ቆሞ ማየት ጀመረ። ሀሰንም ሲያየው «ፒንሳውን አቀብለኝ» ይለዋል፤ ሌላ አይናገረውም።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሀሰን ወደ አዳራሹ የሚሄደውን መስመር ልፈትሽ አለ። ፀሐይቱ ቁልፉን ከቀበሌ ተቀብላ አብራው ገባች። መሰላል ላይ ወጥቶ ከጣራው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተ። ሽቦዎቹን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነካካ። ከዚያ ወርዶ አራጋውን ጠራው።

«ውጣና እስቲ ይህን እይልኝ።»

አራጋው ወጣ። ከታች ለፀሐይቱ እንኳ የሽቦው ልብስ ከሙቀት ቡናማ ሆኖ ሲላላጥ ይታያታል። መጋጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሏል እንጂ አልጠበቀም ነበር። አራጋው ሲወርድ ጆሮው ቀልቷል።

«ለበዓሉ ቸኩዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። እኔ ቸኩዬ የሰው ጓዳ አቃጥያለሁ» አለው ሀሰን። «ና፣ ሳይመሽ እንጨርሰው።»

ሁለቱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ አጠበቁ። ሲጨርሱ አራጋው ፀሐይቱን ወደ ዳር ወስዶ «ለሊቀመንበሩ ይነግሩታል?» ብሎ ጠየቃት።

«ቁልፉን እመልስለታለሁ፤ ሌላ ምን የምነግረው አለኝ?»

በጥቅምት መጨረሻ ስምንቱም ክፍሎች በሩ። በመብራቱ የምርጊቱ ጉድፍ ሁሉ ተጋለጠና ፀሐይቱ ግድግዳውን ሌላ ጊዜ በኖራ ላስቀባው አለች። ምስጋኑ መጥቶ በየክፍሉ እያበራና እያጠፋ ዞረ፤ «ጥሩ ሥራ ነው» ብሎም ሄደ። ከእሱ ይህም ብዙ ነበር።

ሀሰን ሊሄድ ዕቃውን ሲሰበስብ ፀሐይቱ የሚያሳስባትን ጠየቀችው። «አንድ ነገር ቢበላሽብኝ ጋሸና ድረስ ልልክብዎት ነው?»

«አራጋው አለልዎት። እያንዳንዱ ሳጥን የት እንዳለ አሳይቼዋለሁ።»

መኪናው ድረስ ሸኘችው። ስትመለስ የሦስተኛው ክፍል በር ተከፍቷል። ገባ ብላ ስታይ አራጋው አልጋውን ገፍቶ፣ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ የሶኬቱን ክዳን ይፈታል።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም» አለ ቀና ሳይል። «እንዲያው ልየው ብዬ ነው።»

ፀሐይቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብርሃን እንዲገባለት አደረገችና ምሳ ልታቀርብለት ወደ ምግብ ቤቱ ሄደች።