አሥራ ሦስት ፊደል

ኤሚል ህሩስካን በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ያደከመው ሥራ አይደለም። ሥራውንማ ካስረከበ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሜሪካዋን ከተማ የፖርት ሃምሊንን በረዶ በመኪና ሲጠርግ ኖረ፤ በረዶው ዛሬም ይዘንባል፤ የሚጠርገው ግን ሌላ ሰው ነው። ያደከሙት አንጥረኞቹ ናቸው። አንጥረኞቹ የከተማዋ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ካደረጓቸው አሥራ ሰባት ጨዋታዎች አሥራ ሁለቱን ተሸነፉ። ጥፋቱም እንደ ወትሮው በአንድ ሰው ራስ ላይ ተደፋ፤ ኳሱን ተቀብሎ በሚወረውረው፣ ኳርተርባክ በሚሉት። የቀሩት አሥሩ ሜዳ ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቀ የለም።

ጨዋታ የሌለበት ወር ለደጋፊ ዕረፍት የሚመስለው ሰው ደጋፊ ሆኖ አያውቅም። በጨዋታ ወቅት ስቃዩ እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ግን ተስፋ የሚሉት ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ ቀን አይለይም። እገሌ ይመጣል፣ እገሌ ይሸጣል፣ የእገሌ ትከሻ ድኗል ይባላል። ኤሚል ይህንን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል፤ አንድም ቀን ጠብ ያለለት ነገር የለም።

በቅድስት ሉድሚላ የካቶሊክ ደብር አዳራሽ ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም ዓርብ ዓርብ ዓሣ ይጠበሳል። ሥጋ ስለማይበላ መንደሩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ዓሣውን፣ ፒዬሮጊ የሚሉትን በድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅልና የጥቅል ጎመን ሰላጣውን ይዞ ስለ ኳርተርባክ ይጨቃጨቃል። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ አንድ ሕግም አላቸው። በመጨረሻው የጾም ዓርብ እያንዳንዱ ደጋፊ ይነሣና መስከረም ላይ የሚሰለፈውን ኳርተርባክ ይጠራል። የተሳሳተ በሚቀጥለው ዓመት ጾም የዓሣ መጥበሻ ያጥባል። ይሳሳትም ይሳካለትም ግን የጠራውን ስም ማልያው ጀርባ ላይ አድርጎ ዓመቱን ሙሉ ይለብሳል። «የተናገርከውን ትለብሳለህ» ይላሉ።

ሌላው ሰው ስሙን በፕላስተር ይለጥፋል። የኤሚል ሚስት ሎሬታ ግን ፕላስተር ለቁስል ነው ብላ፣ ከተጋቡበት ዓመት ጀምሮ ከቢጫ ጨርቅ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ እየቆረጠች በእጇ ትሰፋለታለች። አዲሱን የምትሰፋው በአሮጌው ላይ ነው፤ ያው ስም ሲደገም አትሰፋም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆነው፤ ሃያ አንድ ስም ተደራርቦበት የማልያው ጀርባ እንደ ኮርቻ ደድሯል። ኤሚል ወንበር ሲደገፍ ስሞቹ ይቆረቁሩታል። ከሃያ አንዱ ትክክል የሆኑት ሦስቱ ብቻ ስለነበሩ መጥበሻዎቹንም እንደ ልጆቹ ያውቃቸዋል።

የመጨረሻው ዓርብ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዓሣ ጠባሹ ስታሽ ዊርኒክ ከምድጃው ኋላ ሆኖ ጮኸ። ስታሽ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አፉ ከዘይቱ ይልቅ ያቃጥላል።

«እህ፣ ኤሚል! ዘንድሮስ በማን ልታስለቅሰን ነው?»

«ትሬድዌይ ይቆያል» አለ ኤሚል ሳህኑን እያየ።

የስታሽ መቆንጠጫ አየር ላይ ቀረ። «ማን?»

«ኮልቢ ትሬድዌይ። ያለው ይበቃናል።»

«የገና ሰሞን ቴሌቪዥኑ ላይ ጫማ የወረወርክበት ትሬድዌይ?»

«ስቼዋለሁ እኮ።»

«እሱም የሚወረውረው እንዳንተ ነው! አንድ ሰው አግኝቶ አያውቅም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኤሚል አልሳቀም። ሎሬታ ከጎመኑ ጠረጴዛ ጫፍ ቆማ ታየው ነበር። ለሃያ ዓመት የጎመኑ ጭልፋ የእሷ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ራሷ ጠይቃ የእጅ መጥረጊያ ሶፍት ታድል ነበር። ሶፍት ቢንቀጠቀጥ አይፈስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የሎሬታ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥር ላይ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራት፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አላነሡትም። ኤሚል ግን የሹራቧን ቁልፍ ለመቆለፍ ስትታገል በበሩ ቀዳዳ አይቷታል፤ እንዳላየ ሆኖ ወረደና ደረጃውን እግሩን እያሰማ እንደገና ወጣ። የመርፌና የክሩ ቆርቆሮ ከቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጧል። ያንን ቆርቆሮ ከፍታ፣ ሞክራ፣ አቅቷት መልሳ ስትዘጋው ማየት አይፈልግም። የትሬድዌይ ስም ደግሞ ማልያው ላይ ተሰፍቷል። ትሬድዌይ ከቆየ የሚሰፋ ነገር የለም። የኤሚል የእግር ኳስ ትንታኔ እንግዲህ ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሎሬታ ማልያውን አውጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከጎኑ ቢጫ ጨርቅ አስቀመጠች።

«ትሬድዌይ አልክ።»

«አዎ።»

«ኤሚል፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ካንተ ጋር ተኝቻለሁ። ትሬድዌይን በእንቅልፍህ ስትሳደብ ሰምቼሃለሁ።»

«ሰው ይሻሻላል።»

«ሰው ሊሻሻል ይችላል። ትሬድዌይ ግን አይሻሻልም። ያልከው ራስህ ነህ።»

ኤሚል ቡናውን ጎንጨት አለ፤ ቀዝቅዟል። እንደማያዋጣው ሲያውቅ ትንሽ አፈገፈገ። «እሺ፣ ሊ ይሁን። ዋረን ሊ። የነበረበት ቡድን አሰናብቶታል፤ በርካሽ ይመጣል።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ጉልበቱን ስንቴ ነው የቀደዱት?»

«ሁለቴ። ግን ልምድ አለው፤ ልጆቹን ያስተምራል።»

«ለማስተማርማ የደብራችን መነኩሲቶችም ያስተምራሉ፤ እነሱም ሮጠው አያመልጡም።» ሎሬታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የዩታው ልጅስ?»

 ልጁ በዩታ ግዛት ኮሌጅ የሚጫወት የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው። ኤሚል ክረምቱን ሙሉ በቴሌቪዥን ሲያየው ከርሟል። ታኅሣሥ ላይ መኪና ውስጥ ሆነው፣ ሳትጠይቀው፣ «ሎሬታ፣ ይሄ ልጅ ኳሱን ሲለቀው ነፋስ አይነካውም» ብሏት ነበር፤ እንዲህ ብሎ ስለ ማንም ተናግሮ አያውቅም። ቡድኖቹ በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚወስዱበት የሚያዝያ ምርጫ አንጥረኞቹ ስድስተኛ ናቸው። እስከ ስድስት ከቆየ ልጁ የእነሱ ነው።

«ልጁ ገና ነው» አለ ኤሚል። «ደግሞስ ስሙ ራሱ...»

አፉን ዘጋ፤ ግን አምልጦታል። ሎሬታ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ የስሙን የእንግሊዝኛ ፊደላት በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ ጣቶቿ ስለማያርፉ ሁለት ጊዜ ሳተችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ኤሚል ሊያግዛት ፈልጎ አልደፈረም።

«ፋአማውሲሊሎአ። አሥራ ሦስት ፊደል» አለች በመጨረሻ። «ሊ ሦስት። ትሬድዌይ ምንም። ቡድኑን የምታዋቅረው በእኔ እጅ ነው ማለት ነው?»

«ሎሬታ...»

«አይተኸዋል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ከመቼ?»

«ከኅዳር።»

«ወይ አምላኬ!» አለች። «እንዳታይ ብዬ የበላሁት ፍዳ! ሾርባ ካቆምኩ አምስት ወሬ ነው፤ ሾርባ ስወድ!»

ኤሚል መሳቅም ማልቀስም ቃጣው፤ ሁለቱንም ለማድረግ ደከመው። «ፈራሁ» አለ። «ጀምረሽው ሲያቅትሽ ማየት ነው የፈራሁት። ሌላ ነገር የለውም።»

«ካቃተኝ ግማሹን ትለብሳለህ። አንጥረኞቹስ መቼ የጀመሩትን ጨርሰው ያውቃሉ?» ጨርቁን በመዳፏ ጠፍጠፍ አደረገችው። «በእኔ ምክንያት ጉልበቱ የታመመ ሽማግሌ እንዳታመጣብኝ። አንድ አለኝ፣ ይበቃኛል። የምታምንበትን ጥራ።»

ሳምንቱን ሙሉ ኤሚል አመነታ። ሲላጭ ሊ ይላል፣ ጫማውን ሲያስር ልጁ ይላል። የመጨረሻው ዓርብ ሲደርስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስታሽ መጥበሻውን በመቆንጠጫው እየደለቀ አንድ በአንድ አስነሣቸው። እሱ ራሱ ዋረን ሊን ጠራ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብለው አፌዙበት። ተራው ሲደርስ ኤሚል ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ወገቡን ያመዋል። ምላሱ ላይ ያለው ሊ ነበር፤ አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ ብሎት ቢቀመጥ ነገሩ ያልቃል። ቀና ሲል ሎሬታን አያት። ሶፍቶቹን ይዛ ቆማለች፤ እጇን ከሽርጡ ሥር አልደበቀችውም። ሰው ሁሉ እያየው ይንቀጠቀጣል።

«ፋአማውሲሊሎአ» አለ ኤሚል።

«ማ?» አለ ስታሽ። «ድገመው፣ ትንፋሽ ካለህ!»

«ልጁን ነው የምልህ፣ የዩታውን።»

«አይ ኤሚል! ስሙ ከጀርባህ ተርፎ ሆድህ ላይ ሊመጣ ነው! ሎሬታ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩት» አለች ሎሬታ፤ «አሥራ ሦስት ፊደል የምሰፋው እኔ፣ የምትጮኸው አንተ። ዓሣህ እያረረ ነው።»

እውነትም አርሮ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የሆነውን ኤሚል የሰማው ጠዋት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከሬዲዮ ነው። ልጁን አምስተኛው ቡድን ወሰደው። አንድ ቦታ ቀደም ብሎ! አንጥረኞቹ በስድስተኛው ተራቸው አንድ ግንብ የሚያህል ሰው መረጡ፤ ከፊት ቆሞ የሚገፋ ነው። ኳርተርባክስ ሲባሉ፣ ከዋረን ሊ ጋር መስማማታቸውን አበሠሩ። ከድጡ ወደ ማጡ። ኤሚል ተቀመጠ። ስታሽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነ ማለት ነው፤ ይህንን እስኪሞት ማውራት አያቆምም። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ስታሽ ነበር፤ «መጥበሻዎቹ ናፍቀውሃል!» ብሎ ዘጋው።

ኤሚል ተናዶ ቢሆን በወደደ። የተሰማው ግን ድካም ብቻ ነበር፤ ከአምሳ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ድካም። ሬዲዮውን አጠፋና ወደ ሳሎን ሄደ።

ሎሬታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ማልያው ጭኗ ላይ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ፊደል ሰፍታለች። ኤፉ ደህና ነው። የመጀመሪያው ኤ ወደ ግራ ዘሟል፤ ሁለተኛው ደግሞ ላዩ ላይ ተደግፎ የቆመ ይመስላል። ሁለት ቦታ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ።

«ልጁ ሄዷል» አለ ኤሚል።

«ሰምቻለሁ። የታመመው እጄ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።»

«እንግዲህ ተዪዋ። ለሌላ ቡድን የሚጫወት ሰው ነው።»

«ጠርተኸዋል አይደል?»

«ጠርቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ትለብሰዋለህ። ገና አሥር ይቀረኛል።» መርፌውን ዘረጋችለት፤ ክሩ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። «አስገባልኝ። እሱን እንኳ ብቻዬን አልችልም።»

በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብላው አታውቅም። ኤሚል መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፣ ጎኗ ተቀመጠ፣ የክሩን ጫፍ በምራቁ አርሶ ሞከረ። ሳተው። እንደገና ሞከረ። በረዶ መጥረጊያ መኪና የለመደ ጣት ለመርፌ አይሆንም። ሎሬታ ልታረጋጋው ክንዱን ያዘችው፤ ያኔ የእሷ መንቀጥቀጥ ወደ እሱ ተላለፈና የሁለቱም እጅ አብሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አልለቀቃትም፤ እሷም አልለቀቀችውም። በስድስተኛው ገባ።

ሎሬታ መርፌውን ተቀበለችው። «ቀጥሎ ኤም ነው» አለች። «ሰፊ ፊደል ነው፤ ጨርቁን ወጠር አድርገህ ያዝልኝ።»

ኤሚል ወጥሮ ያዘው።