የማማው ጭልፋ

ያ የሰዓት ማማ ባይኖር ኖሮ በዚያ ከተማ ዶሮ እንኳ እንቁላል የምትጥልበትን ሰዓት ባላወቀች። ቁመቱን ለመናገር ምላስ ይደክማል፤ ጫፉን ለማየት ቀና ያለ ሰው ባርኔጣው ይወድቅበታል፣ ጎንበስ ብሎ እስኪያነሳው ድረስ ሌላ ዘመን ይገባል።

የማማው ጠባቂ ጋሽ ሺህ ይባላል። ስሙ የወጣለት ከሺህ በታች ቁጥር ስለማይወጣው ነው። መቶ አሥራ ሁለቱ ደረጃ እሱ ዘንድ ሺህ አንድ ነው። ለጎብኚ የማማውን ታሪክ ሲተርክ በምሥራቁ ፊት ካለው የደቂቃ ቆጣሪ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ይኼ እኮ የጦር አዛዥ ጎራዴ ነው። ሺህ ጦርነት አይቶ እዚህ ያረፈ!»

ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለ። ውሸት ደግሞ እንደ ሊጥ ነው፤ ባይነኩትም ኩፍ ይላል። አንድ ረፋድ ላይ የከተማው ሙዚየም ባለሙያ ወረቀት ይዛ እያለከለከች ወጣች።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ጎራዴው በቅርስነት ተመዘገበ። ነገ ሠራተኞች መጥተው ያወርዱትና መስታወት ውስጥ ይገባል።»

ጋሽ ሺህ ዞሮ ቆጣሪውን አየ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የምሥራቁን ቆጣሪ ነፋስ ገንጥሎ ጣለው። አዲሱ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ስድስት ወር ይፈጃል ተባለ። ያኔ ጎረምሳ የነበረው ጋሽ ሺህ ከማማው ሥር ወዳለው ሆስፒታል ማድ ቤት ገባ። አንዲት ልጅ ቁመቷን በሚያህል የብረት ጭልፋ የሁለት መቶ በሽተኛ ሾርባ ታማስላለች።

«እህቴ፣ ለአንድ ሳምንት አውሺኝ።»

«አንተ ዘንድ ሳምንት ስንት ቀን ነው?» አለችው፤ ዝናው ቀድሞት ደርሷል። «ሺህ እንዳይሆን!»

ግን ሰጠችው። እጀታውን ቀጥቅጦ አሾለና ገጠመው፤ ጎድጓዳውን ሚዛን እንዲጠብቅ በጭራው በኩል ተወው። ርግቦች እስከ ዛሬ የዝናብ ውኃ ይጠጡበታል። ከባሕር ማዶ የታዘዘው ቆጣሪም በዚያው ቀረ። ባልመለሰው ቁጥር ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመላለስ፣ ይቅርታው ሲበዛ፣ አገባት። እሷም በየማለዳው ከመስኮቷ ቀና ብላ ሰዓቱን ታይና፣ «ጭልፋዬስ?» ትለዋለች። ያቺን ጥያቄ ሳይሰማ የዋለበት ቀን የለም። ነገ ጭልፋው ከወረደ ምን ብላ ትጠይቀዋለች?

«ልጄ» አለ፣ «ጎራዴ አይደለም። የሚስቴ ጭልፋ ነው።»

ባለሙያዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች።»

«እውነቴን ነው!»

«ደረጃው ሺህ አንድ ነው ሲሉኝም እውነቴን ነው ብለው ነበር። ቆጠርኩት እኮ!»

ዕድሜ ልኩን የዋሸው ሁሉ ሲታመንለት ኖሮ፣ አንዲት እውነት ብትወጣው ሰሚ አጣች። በመስኮቱ አንገቱን አወጣና ሚስቱን ተጣራ። ሰባት ሰፈር አቤት አለ፤ እሷ ግን ጉልበቷን እየደገፈች ወጣች።

«ምነው፣ ቤት ተቃጠለ?»

«ይኼ ቆጣሪ ምን እንደሆነ ንገሪያት።»

«ጭልፋዬ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?» ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «የእኔ ልጅ፣ ጨው አልባ ሾርባ የሚቀዳበት ነበር። ከሌላው እንዳይምታታ ጠርዙን ሦስት ቦታ በሞረድ ፍቄዋለሁ። እይው።»

ጎድጓዳው መስኮቱ ሥር የሚደርሰው ቆጣሪው አሥራ ሁለት ላይ ሲቆም ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆመው ጠበቁት። ለጋሽ ሺህ፣ ሺህ ዓመት ሆነበት፤ እዚህ ላይ እንኳ አላጋነነም። ደወሉ ሲደወል ጎድጓዳው ከተፍ አለ፤ ባለሙያዋ እጇን ሰደደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «በቃ፣ እዚሁ ይቀራል። ግን ለማማው ታሪክ መዝገብ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጋሽ ሺህ ደረቱን ነፋ። «ሺህ ሠራዊት የመገበ...» ሚስቱ አየችው። ደረቱ ተነፈሰ። «በውሰት የመጣ ነው በይ። እስከ ዛሬ ያልተመለሰ።»

«ሺህ ጊዜ ተጠይቆ በይ» አለች ሚስቱ፣ የጃኬቱን ኮሌታ እያስተካከለችለት።

ባለሙያዋ ቀና ብላ ሁለቱንም አየች። ይቺን ግን አልቆጠረችም፤ ሺህ ብላ ጻፈች።