አለነ ያነጠፈው ወለል

«እዚህ ማቶኔላ ላይ ምን ያስቀምጥሻል? ምነው ሐረጌ፣ ወደ ጣውላው ነይ» አለቻት ጎረቤቷ ወለተሩፋኤል ክንዷን ይዛ።

ሐረገወይን አልተነሳችም። ዛሬ የባሏ የአለነ ሠልስት ነው። እንደ ለቅሶ ቤት ወግ አልጋው ተነስቶ ለቀስተኛው ሁሉ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እሷ ግን ከጓዳው በር ሥር፣ ጣውላው ያልደረሰበት፣ የጣልያኑ የሲሚንቶ ንጣፍ በሚታይበት ጠባብ ቦታ ላይ ኩርምት ብላለች። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፤ የማቶኔላው ቅዝቃዜ ጉልበቷን ይቆረጥማታል። ይቆርጥማት፤ የፈለገችውም ይህንኑ ነው።

ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«የጎንደርን ሰው በሳጥን የሸኘ አናጢ በሰሌን ይቀበር?»

«ምን ይደረግ፤ ሚስቱ ጣውላውን አላስነቅልም ብላ እኮ ነው።»

እውነት ነው። አለነ የሞተ ለት በክረምቱ መንገድ ተቆርጦ ከተማው ውስጥ ጣውላ ጠፋ። ታላቅ ወንድሙ አያ ዳኛው፣ እሱም አናጢ ነው፣ ከወለሉ ላይ ለሳጥን የሚሆን ሊነቅል ጉጠቱን ይዞ መጣ። ሐረገወይን ጣውላው ላይ ተዘርግታ ከለከለችው። ሬሳው እዚያው ተጋድሞ የእጁ ሥራ ሲገነጠል ማየት አቃታት፣ በቃ። አያ ዳኛው ጉጠቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዳሱ ውስጥ ይውላል እንጂ ቤቱን አልረገጠም። እሷም ከቀብር ስትመለስ ጸጸት ያዛት። ባሌን አዋረድኩት ብላ አመነች።

ቤቱ ጣልያን ፒያሳ ላይ ሠርቶት የሄደ ነው። ማቶኔላው ቀይና ቢጫ አበባ ያለው፣ ለዓይን የሚያምር፣ ለእግር ግን በረዶ ነበር። በደንቢያ ሜዳ፣ በእበት በተለቀለቀ መሬት ላይ ላደገችው ሐረገወይን አልተስማማትም፤ በሁለተኛው ክረምት ግድግዳ ሳትይዝ መነሳት አቃታት። አምና ጥቅምት ላይ አለነ ከሥራ ቤቱ የጽድ ጣውላ ተሸክሞ መጣ። ማቶኔላውን ሳይነካ ከላዩ ጣውላውን የሚሸከም የሞራሌ እንጨት ደረደረ፣ በመሃል በመሃሉ የጤፍ ጭድ ጠቀጠቀ፣ ጣውላውን መታበት። ወለሉ ከፍ ብሎ የውጭው በር አልከፈት ሲል «ይሄ ደግሞ አኮረፈኝ» ብሎ እየሳቀ ሥሩን ላገው።

«ይህን የመሰለ ጣውላ ከየት አመጣኸው?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ላንድ ሰው ያስቀመጥኩት ነው። እሱ አይቸኩልም» አላት።

ከቀትር በኋላ ሐረገወይን ተነስታ ወደ ዳሱ ወጣች።

«አያ ዳኛው፣ ጣውላውን ይንቀሉልኝ።»

«አሁን ምን ሊረባ?»

«ይውሰዱት። እሱ ያልተኛበትን እኔ አልቀመጥበትም።»

ዳኛው ጉጠቱን አስመጥቶ ገባ። ተንበርክኮ ምስማሩን ነቀለ፤ ጣውላውን ሲገለብጠው እጁ ቀጥ አለ። ወንድማማቾቹ የሳጥን ጣውላ ሲቆርጡ ከጀርባው ሳጥኑ የማን እንደሆነ በእርሳስ ይጽፉበታል። እዚህም ተጽፏል።

«ምንድን ነው?» አለች ሐረገወይን፤ ፊደል አልቆጠረችም።

ዳኛው ሌላም ነቀለ። ያም እንደዚያው ነው።

«‹ለራሴ› ይላል። የአለነ እጅ ጽሑፍ ነው።» ጽሑፉን በመዳፉ ጠረገ። «በቁመቱ ቆርጦ ያስቀመጠውን የራሱን ሳጥን ነው ያነጠፈልሽ። እኔ ነኝ ያለፈቃዱ ልነቅል የመጣሁት። ይቅር በይኝ፣ ሐረጌ።»

ሁለቱን ጣውላዎች ወደ ቦታቸው መልሶ፣ እያለቀሰ፣ ምስማሩን አንድ በአንድ መታ።

ሲጨርስ ሐረገወይን ወደ ጣውላው ወጣች። በጎኗ ተጋደመችና ነጠላዋን ተከናነበች። ከዚያ፣ አልጋቸው ላይ ሌት ሌት ታደርግ እንደነበረው፣ ወደ ግድግዳው ጥግት ብላ ለእሱ ቦታ ለቀቀች።