የጣይፉር እግር

ወደ ኑብያ በረሃ ወርቅ ፍለጋ ስንወጣ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ቢሻራና ጣይፉር። ጣይፉር ከመኪና አደጋ ወዲህ ቀኝ እግሩ ውስጥ ብረት ነበረው። ወርቅ መፈለጊያው ማሽን አጠገብ በደረሰ ቁጥር ማሽኑ ይጮህ ነበር፤ እኛም «እግርህን ይዘህ ወግድልን!» እንለው ነበር። እሱ ደግሞ «ከእናንተ ዕድል የኔ እግር ይሻላል» ብሎ ይስቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ጣይፉር የጥንት ሰዎች በቆፈሩት የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ጉድጓዱ ተደረመሰበት። አስከሬኑን እንኳ ማውጣት አልቻልንም።

ዘንድሮ እኔና ቢሻራ እዚያው አጠገብ ድንኳን ተከልን። ንጋት ላይ አሸዋው እንደ ወተት ነጥቶ፣ ተራሮቹ ከመሬት ተነስተው የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ቢሻራ ማሽኑን ይዞ በተደፈነው ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ማሽኑ ጮኸ።

«እሱ ይሆን እንዴ?» አልኩት።

«አብደሃል? ይሄ ማሽን ከሁለት ክንድ በታች አይሰማም። እሱ ያለው ሃያ ክንድ ታች ነው!»

ማሽኑ ግን መጮሁን አላቆመም። ቢሻራ ብው አለ።

«ጣይፉር! እግርህን ይዘህ ወግድልን!»

ማሽኑ ዝም አለ።

ቢሻራ አሸዋው ላይ ተንበረከከ። «ቀልዴን እኮ ነው» አለ፣ «ተመለስ።»