አደራ እንዳትስቂ

…እና አትስቅም፣ በቃ፣ ቃል ቃል ነው፣ ብትፈነዳም አትስቅም፣ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ እጇ ላይ የጠቀለለችው ለዚሁ ነው፣ ሳቁ ሲመጣ አፏ ውስጥ ልትወትፈው፣ ወንበሩ ደግሞ እሷን ሊያሳጣ ነው መሰል፣ ወገቧን ባነቃነቀች ቁጥር ሲጥጥ ይላል፣ ሰውም ዞር ብሎ ያያታል፣ ኧረ ወንበሩን እዩት! እኔ ነኝ እንዴ የጮህኩት? ዝም። ዝም በይ አንቺ ሴትዮ።

ከሰሌዳው ስር የቆመችው የወንድሟ ልጅ ናት፣ ጭጬ፣ ይህንን ስም ያወጣችላት ራሷ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጭጭ ያለች ነበረችና፣ ዛሬ ይቺው ጭጬ አስተማሪ ልትሆን ነው፣ ማለት ከሆነላት፣ ማለት እዚያ ፊት የተደረደሩት ሦስት ፈታኞች ጎበዝ ካሏት፣ ባለፈው ጊዜ እዚሁ አዳራሽ ቆማ፣ ተማሪው ሁሉ አፍጥጦባት፣ አንዲት ቃል ሳትወጣት ወረቀቷን ሰብስባ ውልቅ፣ የዛሬው ሁለተኛ ዕድሏ ነው፣ ከዚህ በኋላ ሌላ የለም ብለዋታል። አክስቴ ነይልኝ፣ አለቻት ትናንት፣ አንቺን እያየሁ ነው የምናገረው፣ ግን አደራ፣ አደራ እንዳትስቂ።

እንዳትስቂ! ለማን ነው የምትለው? የጸጉር ቤቷ ሰፈር ደወሏ የሚላት ለምን ሆነና፣ ስትስቅ ከሁለት ቤት ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ መዶሻውን አስቀምጦ ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ እያለ ይመጣል፣ ሲኒማ ቤትስ፣ ሰዉ ሁሉ በእንባ ሲታጠብ፣ ጀግናው ሊሞት እያጣጣረ ዊጉ ሸርተት አለ፣ ወደ ኋላ፣ ጣት የምታህል፣ ታዲያ ባለሙያ ናት፣ ዐይኗ ጸጉር ላይ ነው፣ ምን ታድርግ፣ አስተናባሪዎቹ ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው አወጧት፣ ውጭም ሆና አላቆመችም፣ አሁንስ ለምን አስታወሰችው፣ ወይኔ ሆዴ፣ ሻሽ፣ ሻሽ።

ጀመረች! ጎሽ የኔ ልጅ። ድምጿ የጫጩት ነው፣ ግን ወጥቷል። ዛሬ የምንመለከተው፣ አለች፣ በንግድ፣ በማኅበረሰብና በኪነ ጥበብ ውስጥ ያሉ የዋና ዋና ሐሳቦችን መለያ ነው፣ የአንድ ሐሳብ መለያ ማለት፣ ብናወጣው ሐሳቡ ስሙን የሚያጣበት ነገር ማለት ነው።

ይቺንማ ታውቃታለች፣ ጸጉር ቤት ውስጥ ስትለማመዳት አልነበር የሰነበተችው፣ አክስቴ፣ ጸጉር ቤትን ጸጉር ቤት የሚያደርገው ምንድነው? መስታወቱ ነዋ። መስታወቱን ብናወጣውስ? እሰይ፣ ሰዉ ሳይጣላኝ ይሄዳላ! ካስክ ስር ተቀምጣ ጸጉሯን የምታደርቀው ነርስ፣ ጩኸቱ ጆሮዋን ስለደፈነው ሁሉም የደነቆረ መስሏት፣ ውሃው ነውውው! እያለች ትጮሃለች፣ አይ ውሃ፣ እሱማ በወጣ በገባ ይጠፋል፣ በጠፋ ቁጥር ስማችንን ልንቀይር ነው? እሺ ደንበኛውን ብናወጣው፣ አለች ጭጬ፣ ቤቱ ምን ሆኖ ይቀራል? የቤት ኪራይ ሆኖ ይቀራላ! ነርሷ ከነጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲኗ ተነስታ ስትስቅ አናቷን ከካስኩ ጋር አላተመችው… ተይ። ተይ አታስቢው።

ገበያን ገበያ የሚያደርገው ጣራው አይደለም፣ ትላለች ጭጬ፣ ዕቃውም አይደለም፣ ገዢው እምቢ ብሎ መሄድ መቻሉ ነው። እውነቷን ነው! ስንቷ ናት ዋጋ ጠይቃ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የወጣችብኝ፣ እኔ ደግሞ እበግናለሁ፣ ለካ ገበያ እያደረገችኝ ነው። ያልተጻፈ ደንብ ደግሞ፣ ጭጬ ቀጠለች፣ የሚታየው ሲጣስ ብቻ ነው፣ ማንም ሳያዝ አንገት ሁሉ ወደ አጥፊው ይዞራል… ሲጥጥጥ! ወንበሩ፣ ይሄ ቀን የሚጠብቅ፣ አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አዞረባት፣ በሉ እዩ፣ ደንቡ እኔ ነኝ፣ ጥርሷን ነክሳ ጣራ ጣራውን ታያለች፣ ጣራው ላይ ምንም የሚያስቅ ነገር የለም፣ ተመስገን፣ ዐይኗን ስታወርድ ግን፣ መሀል ላይ የተቀመጠው ፈታኝ፣ ምን አለ ዛሬ እንኳ ባይዞር ኖሮ፣ ከግራ ጆሮው ላይ የቀረችውን ጸጉር አሳድጎ፣ በመላጣው ላይ አሻግሮ፣ ቀኝ ጆሮው ላይ አሳርፏታል፣ ድልድይ ነው በሉኝ፣ አትይው። ጭጬን እይ። ጭጬን ብቻ።

እሷም እያየቻት ነው፣ ወረቀቷን አስቀመጠች፣ ለምን አስቀመጠች? አሁን ወደ ኪነ ጥበብ እንምጣ፣ ወደ ቀልድ፣ አንዲት ሴት ጸጉር ቤት ገባች፣ አለች ጭጬ። እንዴ! ይሄ ልምምዱ ላይ አልነበረም። ሴትየዋ፣ ጸጉሬን ቁረጪልኝ፣ ግን የተቆረጠ እንዳይመስል፣ እንዳያጥር፣ ከነርዝመቱ ይሁን አለች። ወይኔ አይደረግም! የባንኳ ሴትዮ፣ ደንበኛዬ! የኔን ጉድ ልታወራ ነው። ጸጉር ሠሪዋም እሺ እመቤቴ ብላ፣ መቀሷን ከኋላዋ በባዶ አየር ላይ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ቆየች፣ አንዲት ዘለላ አልነካችም፣ በመጨረሻ መስታወት ሰጠቻት፣ ሴትየዋ አየች፣ አገላበጠች፣ ምን አለች መሰላችሁ፣ ትንሽ አሳጠርሽብኝ።

ዝም።

አዳራሹ እንደ መቃብር። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም፣ አንዱ ብዕሩን ያሽከረክራል፣ ሌላዋ ሰዓቷን ታያለች፣ የእሷ ሆድ ግን፣ ኧረ የፈጣሪ ያለህ፣ ሻሹ እስከ ጉሮሮዋ ገብቷል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ያቺ ሴትዮ ደግሞ በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ፣ አሁን ገና አድጎ ልክ ሆነልኝ ማለቷን ይቺ ልጅ መች ሰማች፣ አትሳቂ፣ ቃል ሰጥተሻል፣ ጭጬ ድርቅ ብላለች፣ የቀልድ መለያው፣ የቀልድ መለያው፣ አለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል ጠፋ፣ እጇ ወደ ወረቀቷ ሄደ፣ እንደ ባለፈው፣ ልትሰበስብ ነው፣ ልትወጣ ነው፣ ልሳቅላት? ብስቅ አበላሽባት ይሆን? ባልስቅስ? ሁለቱም እሳት፣ ቆይ የኔ ልጅ፣ እግርሽን አታንሺ፣ እኔን እይኝ፣ እኔን።

አየቻት። ሻሽ የጎረሰች፣ ፊቷ ቲማቲም የመሰለ ሴትዮ አየች፣ ከንፈሯም ጫፉ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ አክስቴ፣ አለች በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቃልሽን መልሼልሻለሁ። ልቀቂው።

ለቀቀችው! ወይ ደወል! መስኮቱ ተርገፈገፈ፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ተማሪ ከነወንበሩ ተስፈነጠረ፣ ከዚያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ ጎኑ ያለችው፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፍርስርስ፣ አያችሁ፣ አለች ጭጬ፣ ድምጿ ከየት መጣ፣ ጫጩቷ የት ሄደች፣ የቀልድ መለያው ተናጋሪው ጋ አይደለም፣ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ነው፣ እሱን ብናወጣው ምን ይቀራል? ዝምታ! አለ ተማሪው ባንድ አፍ፣ ይሄን ጊዜ መሀለኛው ፈታኝ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲስቅ ድልድዩ ብድግ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አለቀላት፣ ከዚህ በኋላ ማቆም የሚባል የለም፣ ልጅቱን እንዳልረብሽ ብላ ወንበሩን ሲጥ አድርጋ፣ ሆዷን አቅፋ በበሩ ወጣች።

ኮሪደር። አግዳሚ ወንበር። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ታያታለች፣ ምነው እናቴ፣ መርዶ ነው እንዴ? የለም የኔ እመቤት፣ ስቄ ነው። ይሄን ያህል? አዎ፣ ይሄን ያህል። ሻሿን ታራግፋለች፣ ርሷል፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል፣ ግን ቆይ፣ ወጣሁባት እኮ፣ ልጅቷ ማንን እያየች ልትናገር ነው? ወይ እኔ! ልመለስ? ብድግ አለች፣ እጇ የበሩ እጀታ ላይ፣ ጆሮዋ በሩ ላይ፣ ውስጥ የጭጬ ድምፅ ይሰማል፣ ረጋ ብሎ፣ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ቆም ይላል… ቆመ፣ ጠፋባት እንዴ፣ በይ፣ በይ የኔ ልጅ፣ እና ድንገት አዳራሹ ቦግ አለ፣ ሳቅ፣ ከመጀመሪያው የባሰ ሳቅ፣ እጇን ከእጀታው ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች። ይሄኛውን እኔ አልጀመርኩትም።