ሞርሳው ሲፈታ

አናጢው አባት ለወለደች ልጁ፣ ሲጣበቅ እንጨት ጨምቆ እንደሚይዘው ዓይነት ሞርሳ ሠራላት። እንዳይሳቅበት፣ በፍቅር ነው የሠራው። ትንሿ ልጁ የበኩር ልጇን ስትገላገል የዳሌዋ ሁለት አጥንቶች ከፊት በሚጋጠሙበት ቦታ ከልክ በላይ ተራራቁ። ሐኪሙ «ታስራ ትረፍ፣ ይሰበሰባል» አለ። ማሰርማ ለአናጢ የዕለት ሥራው ነው። ኮምፔንሳቶ በዳሌዋ ልክ ቆርጦ፣ ስፖንጅ አልብሶ፣ ግራና ቀኝ በቡሎን አጠበቃት።

ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት እግሯ መሬት አልነካም። ከወርክሾፑ በላይ ባለው ክፍል ተጋድማ፣ አክስቷ ሕፃኑን ለጡት እያቀበለቻት፣ ሶፋ በማልበስ የታወቀችው ትንሿ ልጅ ጣሪያ ስታይ ትውላለች።

ታላቅ እህቷ ከሩቅ አገር ተምራ ስትመለስ ያገኘቻት እንዲህ ሆና ነው። ቤተሰቡ ታላቂቱን «ንፋስ» ይላታል፤ ሻይዋን እንኳ ተቀምጣ ስትጨርስ ያያት የለም። የተማረችው ፊዚዮቴራፒ ነው። አባቷ «ሰው ለማሸት ባሕር ይሻገራል?» እያለ ይተርባታል።

ንፋስ የእህቷን ጭን ጨበጥ ስታደርገው ደነገጠች። ሥጋው መንምኗል።

«እውነቱን ንገሪኝ፣» አለች ትንሿ። «እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?»

ንፋስ መልሱን ታውቀዋለች፤ ከተንቀሳቀሰች አትቀርም። ግን እዚያ ስትሠራ ከኋላዋ የሚያርማት አለቃ ነበር። እዚህ ማን አለ? አስነሥታት ያ ቦታ እንደገና ቢላቀቅስ? ከነሞርሳዋ በመኪና ወስዳ አዲስ ራጅ አስነሣቻት። ሐኪሙ አይቶ «ተሰብስቧል፣ ቀስ በቀስ ትንቀሳቀስ» አለ። አባትየው ግን ራጅ ክፍሉ በር ላይ ጠብቆ፣ እንደወጣች ለራጁ የተፈታውን ቡሎን መልሶ አጠበቀ። ንፋስም አፏን ሞልታ መከራከር አቃታት። ግቢውን ስትዞር፣ ስትዞር ቆይታ በመጨረሻ ወርክሾፑ ገባች።

«አባባ፣ ያ ነገር ይፈታ።»

«ኮላ ሳይደርቅ ሞርሳ አይፈታም፣» አለ ከመላጊያው ቀና ሳይል።

«ኮላ የለውም እኮ! ደርቆ አንድ የሚሆን ነገር አይደለም። እስቲ ጆሮህን ንካው። ሥጋ ነው? አጥንት ነው?»

አባትየው ሳያስበው ጆሮውን ጨበጠ። «ሁለቱንም አይደለም።»

«በአጥንቶቹ መካከል ያለው ከዚያ ጠንከር ያለ ነገር ነው። እንደ ጉልበት አይታጠፍም፣ እንደ ራስ ቅልም ድርቅ አይልም። በመጠኑ ይላወሳል። ስንራመድ የመሬቱን ምት የሚያበርደው እሱ ነው።»

«የሚላወስ ከሆነ ምኑን አጥንት ሆነ!»

አክስቲቱ ከደረጃው ላይ ሆና «ያንተ ወገብ ባይላወስ ኖሮ መላጊያ ስትገፋ እንደ ሳንቃ ለሁለት በተሰበርክ!» አለች።

«አንቺ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ?»

ንፋስ ዞር ስትል ግድግዳ የተደገፈ አዲስ በር አየች። መሃሉ ላይ ያለውን ሳንቃ በጣቷ ገፋ ስታደርገው በክፈፉ ውስጥ ነቅነቅ አለ።

«ይሄን ለምን በኮላ አላጣበቅከውም?»

«አበድሽ? በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰበሰባል። ካሰርኩት ይሰነጠቃል። መላወሻ ይፈልጋ...»

አልጨረሰውም። በሩን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ መፍቻ አንሥቶ ደረጃውን ወጣ።

ቡሎኑን የፈታው ራሱ ነው። ንፋስ በምትኩ ለስላሳ ሰፊ ቀበቶ ከወገቧ ዝቅ አድርጋ ዳሌዋ ላይ አሰረችላት። ሥራው ተጀመረ። ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ መገላበጥ፣ ትራስ በጉልበቶች መካከል መጭመቅ፣ በሁለት እግር እኩል መቆም። ትንሿ ሲብስባት «ወደ መጣሽበት ተመለሽ!» ትላለች። ንፋስም «ነገ ትሰድቢኛለሽ፣ አሁን ቁሚ» ትላለች።  እህቷን ሲያማት ግን ሥራውን ትቀንሳለች፣ ሲሻላት ትጨምራለች።

ደረጃውን ልውረድ ያለችው ትንሿ ራሷ ናት። በጎኗ፣ ሁለቱን እግሮች በየደረጃው እያሰባሰበች ወረደች። አባትየው ከታች እጁን ዘርግቶ «ቀስ! ቀስ በይ!» ይላል። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቷ ገረጣ።

«አመመሽ?» አለች ንፋስ።

«ዝም በይ፣ ላዳምጠው።» ክብደቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገች። ቀስ እያለ ፊቷ ፈካ። «ይላወሳል። ግን ይዞኛል።»

እታች አባትየው ወንበር አስጠጋላት።

«የተኛሁት አይበቃኝም?» ብላ ወንበሩን አለፈችው። መጋዙን አለፈችው። በሩን ከፍታ ጎዳናው ላይ ወጣች። ማዶ ያለው ጎሚስታ ጎማውን ጥሎ አጨበጨበ። አሁን «ቀስ በይ» ሲል የነበረው አባት ሰጋቱራ ከላዩ እየረገፈ ከኋላዋ ሮጠ። «ልጄን እዩልኝ! እዩልኝማ!»

ንፋስ በሩ ላይ ቆማ የእህቷን እርምጃ ታይ ነበር። ግራ፣ ቀኝ፣ እኩል።

«አንቺ!» አለች አክስቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ እያለፈቻት። «ምን ተገትረሻል? አመለጠችሽ እኮ!»

ንፋስ እየሳቀች ተከተለቻቸው።