እሳት የማይሻው እባብ

አቶ እንደሻው እባባቸውን "የኔ ዝምተኛ" እያሉ ያቆላምጡት ነበር። ቡናማ፣ መርዝ የሌለው የቤት እባብ ነው። ማደሪያው ጀጎል ውስጥ ባለው ቤታቸው፣ የድንጋይ ግድግዳው ላይ የተቦረቦረችው ጣቃ ናት፤ ሌላው ሰው ሳህን የሚደረድርባት። ብርድ ሲመጣ ሚስታቸው ለተማርያም ከሰል ላቅርብለት ስትል፣ "ተዪው! እሳት አይሻም፤ የቤቱ አየር ይበቃዋል" እያሉ ይኮፈሱባታል።

ታዲያ በብርድ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ያንኳኳሉ። "አይሻ! ምን እየሠራሽ ነው?" ጎረቤታቸው አይሻ ሆደ ቡቡ ናት፤ ርቧቸው ይመስላትና እሳት አንድዳ ትኩስ መረቅ ይዛ ትመጣለች። ግን አትገባም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንድ ቀን ካየችው ወዲህ ገመድ እንኳ ያስደነግጣታል። ሳህኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ እብስ ነው።

በ1951 ዓ.ም. መስከረም እንደሻው ሞቱ። ታኅሣሥ ሲገባ እባቡ እንደ ደረቅ እንጨት ገተር አለ። ለተማርያም ጨነቃት። የእንደሻው እጅ ይዳብሰው የነበረ፣ ነፍስ ያለው ነገር ከእሷና ከእሱ ሌላ አልቀረም። ከሰል እንዳታቀርብ ደግሞ የሟች ቃል ሆነባት።

አንድ ከሰዓት በኋላ እባቡን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እቅፏ ላይ እንዳደረገችው ሸለብ አደረጋት። በሕልሟ የቤቱ ቀይ ወለል እንደ ውሃ ይላወሳል። እንደሻው በላዩ ላይ ቀስ ብለው እየተራመዱ መጡ። እሷን አላዩም። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው መዳፋቸውን ጣቃዋ ላይ አሳረፉ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

ብንን ብላ ተነሥታ ጣቃዋን ዳሰሰች። በረዶ ናት። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የአይሻ ማድቤት ነው፤ ምድጃዋም ግድግዳውን ተጠግቶ ነው። አይሻ ደግሞ የወለደች ልጇን ልታርስ ወደ ገጠር፣ ሶፊ ከሄደች ሰነበተች።

"አይ የኔ ሰው!" አለች ለተማርያም። "እሳት አይሻም ያልከኝ፣ የጎረቤት እሳት ሲሞቅ ኖሯል!"

አይሻ በነጋታው ተመለሰች። ለተማርያም፣ እባቡን ስለምትጠላው ምድጃዋን ከግድግዳው ታዞርብኛለች ብላ እየፈራች፣ ደጃፍ ላይ ሁሉንም ነገረቻት።

አይሻ ጠየቀቻት፦ "እና ጋሽ እንደሻው ርቧቸው አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"ያ ሁሉ መረቅስ?"

"ይበሉታል፤ ደስ እያላቸው።"

"አቦ!" አይሻ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። "አላህ ይርሐማቸው። እኔ ግን እሱን አውሬ አላይም!" ብላ ወደ ቤቷ ገባች። እሳቱን አነዳለሁ አላለች፣ አላነድም አላለች።

በማግስቱ ንጋት ላይ ለተማርያም እባቡን ጣቃዋ ውስጥ መልሳ፣ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆመች። ድንጋዩ ለብ አለ። አይሻ ምግብ የምትሠራበት ሰዓት ገና ነው። እባቡ አንገቱን ቀስ ብሎ ቀና አደረገ።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ። እንደሻው ከሞቱ ወዲህ ተንኳኩቶ አያውቅም።

"ለተማርያም! ነቃልሽ?"

ለተማርያም፣ አዎ ለማለት፣ ድንጋዩን በመዳፏ መታች።

"እንግዲያው ውጪ" አለች አይሻ ከወዲያ። "መረቁን ደጃፍሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ።"